ላም ባልዋለበት ሳቅ ለቀማ!

የዛሬውን ጽሑፌን በአንድ ካፖርት እጀምራለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ማታ ነው። ኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ ባለው ግቢያችን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ካላቸው እትዬ ቤት አሥራ አንድ ሰው ሆነን ተኮልኩለናል። ዶሮው ተበልቷል፣ ጠላው ቀርቧል፣ ቄጤማው ገና አልጠወለገም። "ዝም በሉ፣ ጀመረ!" አሉ እትዬ። የጀመረው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፈፍለት የሰነበተ "ቀጥታ የሳቅ ምሽት" ነው። የመድረኩ መሪ አንድ ስመ ጥር ድምፃዊ። ስሙን አልጠራም። አንደኛ ነገር ጠቤ ከሰውየው ጋር አይደለም፤ ሁለተኛ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዘፈኑን እወድለታለሁ።

ድምፃዊው በወርቅማ ጥልፍ ደምቆ ብቅ አለ። ቀልድ ጀመረ። ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ሳቀ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኛ ቤት ዝም። አንዲት ሕፃን "ምን አለ?" ብላ እናቷን ጠየቀች። "ቆይ፣ ይመጣል" አለቻት እናትየው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። አልመጣም።

ከዚያ "አሁን ደግሞ ጭውውት!" ተባለና ድምፃዊው ዘበኛ ሆኖ ወጣ። የነተበ ካፖርት፣ በጎን የተደፋ ቆብ፣ የሀገር ቤት አነጋገር። ቃል ሲሳሳት አዳራሹ ይስቃል። ሲደናቀፍ አዳራሹ ይስቃል። "ጌታዬ፣ ጌታዬ" እያለ የባለመኪናውን መስታወት በእጅጌው ሲወለውልማ አዳራሹ ሊፈርስ! በዚህ መሀል ነው ሁላችንም ሳናስበው ዓይናችን ወደ በሩ የዞረው። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ጨርሰው ዛሬ አየር ጤና አካባቢ አንድ ሕንፃ በሌሊት የሚጠብቁ ሰው ናቸው። በዓልም ቢሆን ተረኛ ናቸውና ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው የተቀመጡት። ካፖርቱ ቁርጥ ያው ካፖርት!

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ሪሞት ፍለጋ ጀመሩ። ጋሼ ብድግ ብለው ቁልፋቸውን አንድ በአንድ ቆለፉና፣

"ይህቺን ካፖርት እኮ በዱቤ ነው የገዛኋት። እሱም የሚለብሳት ከሆነ ግማሹን ዕዳ ይክፈላ!" ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በዚያ ምሽት እኛ ቤት የተሳቀው ያ ብቻ ነው። እትዬ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቴሌቪዥኑ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ብቻውን ሲስቅ አመሸ።

ደግሞ "ቀጥታ" አሉት! ከመድረኩ መሀል ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ዶሮ ወጡ ከነእንቁላሉ በሞሰቡ ላይ ጉብ ብሏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ግን አንድም እንግዳ እጁን አልዘረጋም። "ምነው ጠገቡ እንዴ?" ስንል ነበር። ኋላ ከካሜራ ሙያተኛ ወዳጄ ስሰማ ነገሩ ወዲህ ነው። ለካስ የተቀረጸው ሁዳዴ ጾም መሀል ኖሯል! ሰዎቹ ጿሚ ናቸው፤ ጾማቸውንም እግዜር ይቀበልላቸው። በሁዳዴ የተቀረጸን ዝግጅት ለፋሲካ "ቀጥታ ሥርጭት" ብሎ ማቅረብ ግን ምን ይባላል? የበዓል ዝግጅት ቀድሞ እንደሚቀረጽ ማንም ያውቃል፤ ነውርም የለበትም። ውሸቱ ለምን አስፈለገ?

አስፈለገ እንጂ! "ቀጥታ" ማለት ድፍረት ማለት ነዋ። ቀጥታ ሲሆን ቃል ከአፍ ካመለጠ አይመለስም። ቀጥታ ሲሆን መቀሱ እጅ ላይ የለም። ዝናውን ይፈልጉታል፣ ድፍረቱን ግን አይፈልጉትም። ስለዚህ ድፍረቱን በጽሑፍ ብቻ፣ በስክሪኑ ጥግ ለጠፉት።

እዚህ ላይ "ይሄ ሰውዬ ቀንቶ ነው" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ ቀንቻለሁ! ልደብቅ? ጭውውት እጽፋለሁ። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ከወጣሁ ጀምሮ ለጋዜጣም ለመድረክም ስሞነጫጭር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጽሑፌን ይዤ በደጃቸው የቆምኩባቸው ቦታዎች የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። "ታዋቂ ሰው ይዘሃል?" ቀጥሎ "ስፖንሰርስ?" ጽሑፉን ገልጦ ያየ የለም። አንዱ ጋ እንዲያውም የመጀመሪያው ገጽ ላይ የማኪያቶ ብርጭቆ አስቀምጠውበት አገኘሁት፤ ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ የዘለቀ አልነበረም። ስለዚህ ቂም አለብኝ፤ ቂሜን ቀንሰህ አንብበኝ። የካፖርቱ ነገር ግን ከእኔ ቂም ጋር አይገናኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። "ኮሜዲያን ያልሆነ ሰው የሳቅ መድረክ አይምራ" ብዬ ብጽፍ ራሴን አሳስቃለሁ። ለምን? አለቃ ገብረ ሐና ምን ነበሩ? የቤተ ክርስቲያን ሊቅ እንጂ "ኮሜዲያን ነኝ" ያሉበት ቀን የለም። የሀገራችን የመጀመሪያው ቴያትር "ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ" የጸሐፊው ሙያ ምን ነበር? ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኝነት ትምህርት ተምረው የመጡ ወታደር ናቸው። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። መድፈኛ! የኢትዮጵያን ቴያትር በሳቅ የጀመረው መድፈኛ ነው።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። ተክለ ሐዋርያት አዲስ አበባ ላይ "ቴያትር" ተብሎ ሲታይ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ይሄማ ቴያትር አይደለም ብለው ተቀምጠው ጻፉ። አውሬዎችን እያናገሩ የተነኮሱት የጊዜውን አስተዳደር ነው፣ ተመልካቾቹም መኳንንቱ ራሳቸው ነበሩ። ሳቁ ወደ ላይ ነው የተወረወረው። ውጤቱስ? በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመጀመሪያው ቴያትራችን ኮሜዲ ነበር፣ የመጀመሪያው የታገደ ቴያትራችንም ያው ኮሜዲ ነው። አለቃ ገብረ ሐናም ቢሆኑ ተረባቸውን የሚለቁት ከጌቶቹ ማዕድ ላይ ቁጭ ብለው በጌቶቹ ላይ ነበር እንጂ፣ በር ጠባቂው ላይ አልነበረም።

ደግሞ እኛ ኮልፌዎች የማያውቀውን ሙያ ሊይዝ የመጣ ሰው ስናይ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ረጅም ጠበቃ ከደቡብ አፍሪካ ተነሥተው ኮልፌ ከነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሰፈር ገቡ። ኔልሰን ማንዴላ! የመጡት ውትድርና ሊማሩ ነው። የኋላው ጄኔራል፣ ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ተቀበሏቸው። "የታወቁ የትግል መሪ ስለሆኑ ይኸው ሻለቃውን ይምሩ" ያላቸው አለ? የለም! ተኩስ፣ ፈንጂ፣ ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም ጉዞ ነው የተሰጣቸው። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ "ቶሎ ና" ተብለው ወደ ሀገራቸው ሄዱ እንጂ፣ ለሥልጠናውስ ዝግጁ ነበሩ። ማንዴላ ኮልፌ መጥተው ተማሪ ከሆኑ፣ ድምፃዊያችን ጭውውት ለመማር አንድ ሳምንት ቢቀመጥ ምኑ ይጎድል ነበር?

አንድ ሳምንት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። አሜሪካኖች "ሳተርደይ ናይት ላይቭ" የሚሉት የጭውውት ፕሮግራም አላቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1975 ኒውዮርክ ላይ የተጀመረ ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በየጊዜው መድረኩን የሚመራው እንግዳ ነው። አንዴ የፊልም ተዋናይ፣ አንዴ ዘፋኝ፣ አንዴ ፖለቲከኛ። ማይክል ጆርዳን ኳሱን አስቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1991 መርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1977ማ በውድድር ያሸነፉ የ80 ዓመት ባልቴት አምጥተው መድረኩን አስረክበዋቸዋል! ስለዚህ ሙያው የሌለው ሰው መድረኩ ላይ መውጣቱ እዚያ ብርቅ አይደለም።

እንዴት ያደርጉታል? እንግዳው ሰኞ መጥቶ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይቀመጣል። ማክሰኞ ጸሐፊዎቹ ሲጽፉ ያድራሉ። ረቡዕ ወደ 40 የሚጠጉ ጭውውቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባሉ፣ አብዛኛው ይጣላል። ሐሙስና ዓርብ መድረክ ይሠራል፣ ልምምድ ይደረጋል። ቅዳሜ ምሽት ተመልካች ፊት ሙሉውን ይሞክሩታል፤ እዚያም ያላሳቀው ይቆረጣል። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡30 ላይ በቀጥታ ይለቀቃል። እውነተኛ ቀጥታ! ንግግሩ በእጅ በትልልቅ ካርቶን ተጽፎ ከካሜራው አጠገብ ይያዝለታል። እንግዳው ቢሳሳት ተሳሳተ ነው። ይህ ሁሉ ድካም የማነው? የጸሐፊዎቹ! ዝነኛው የመጨረሻዋን ሰዓት ነው የሚሸከመው። እኛ ጋ ግን ጸሐፊ የሚባል ፍጡር በስም ዝርዝሩ ላይ የሚመጣው ከፀጉር አስተካካዩ በኋላ ነው፤ እሱም ከመጣ። (ፀጉር አስተካካዩ ተከፍሎታል።)

ደግሞ እዚያ መድረኩን የሚመራው ሰው የሚመጣው ሊሳቅበት ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2021 ኢሎን መስክ ተጋበዘ። ሰውየው ከዓለም ቱጃሮች ግንባር ቀደሙ ነው፣ ከሳቅ ሙያ ጋር ዝምድና የለውም። ከራሱ ከጭውውቱ ቡድን ውስጥ "ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?" ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። አሳቀ ወይ? እኔን አላሳቀኝም። ግን ምን አስደረጉት? እሱ ራሱ በየጊዜው ሲያሞግሰው የኖረውን ዶጅኮይን የሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ አንስተው፣ የገንዘብ ሊቅ ሆኖ በሚጫወትበት ጭውውት "ምንድን ነው? ምንድን ነው?" እያሉ አፋጠጡት፤ መጨረሻው ላይ ማጭበርበር ነው ብሎ እስኪያምን ድረስ! በዚያው ሌሊት የገንዘቡ ዋጋ ቁልቁል ተንከባለለ። ቱጃሩ የመጣው በቱጃሩ ሊሳቅ ነው። የራሱን ካፖርት ለብሶ ወጣ እንጂ የዘበኛውን አልተዋሰም።

አሜሪካ ሁሉ ደግ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ያው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2015 ዶናልድ ትራምፕን ለፕሬዚዳንትነት በሚወዳደርበት ሰዓት መድረኩን አስረክቦታል። የፕሮግራሙ ባለቤት ጣቢያ ኤንቢሲ ሰውየው ስለ ሜክሲኮ ስደተኞች በተናገረው ተቆጥቶ በዚያው ዓመት ጁን ላይ "ግንኙነታችን አክትሟል" ያለው ነበር። በአምስተኛው ወር ለሳቅ ጠራው! ሰልፈኞች ከሕንፃው ደጅ ቆመው ጮኹ፣ የሰማቸው የለም። በዓመቱ ምርጫውን አሸነፈ። ሳቁ ነው ያስመረጠው አልልም፤ እንዲህ የሚል ሞኝ ነው። ግን ባለሥልጣንና ባለገንዘብ የሳቅ መድረክ የሚወድበት ምክንያት አለው። ከአንድ ሰዓት የሳቅ ምሽት በኋላ ሰዉ "ለካ ጨዋታ አዋቂ ነው!" ይላል። የልብስ ሳሙና እንዲህ አያጥብም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ዘፋኝ ሁሉ መድረክ አይመራም ማለትም አይደለም። ድምፃዊ ዮሴፍ ገብሬ፣ ጆሲ፣ በኢቢኤስ የራሱን ሾው ይዞ ሲመጣ ካጉረመረሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ተሳስቼ ነበር። ሰውየው ኮሜዲያን ነኝ አላለም። እንግዳ ጋበዘ፣ ጠየቀ፣ የተረሱ አንጋፋ አርቲስቶችን ደጅ አንኳኳ። የያዘውን ያውቃል፣ ያልያዘውንም ያውቃል። በሌላ በኩል አለባቸው ተካን አስቡት። ከልመንህ ታደሰ ጋር በጭውውት ስንት ዘመን ካሳቀን በኋላ ነው በ"አለቤ ሾው" የተሻገረው። ሳቅን ሲያውቅ ኖሮ ነው ማልቀስን የያዘው። በመኪና አደጋ ሲለየን ሀገሩ ያለቀሰለት በከንቱ አልነበረም። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ እነዚህ ሁሉ ዝነኛ የሆኑት በሳቅ ነው። አሁን መንገዱ ተገልብጧል። መጀመሪያ ዝነኛ ሁን፣ ሳቁን ሰው ያጨበጭብልሃል!

ለምን ተገለበጠ? ስፖንሰሩ ነው ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የዘይትና የቢራ ማስታወቂያ የሚከተለው ፊትን ነው እንጂ ጽሑፍን አይደለም። ግን ከስፖንሰሩ ጀርባ ሌላ ነገር አለ። እሱም ፍርሃት ነው። ሳቅ የሚያውቅ ሰው አደገኛ ነው። ታማኝ በየነ ሰው በመምሰል ሲያስቀን የነበረ ልጅ ነው፤ አፉን አልዘጋ ስላለ ከሀገር ወጥቶ ከ20 ዓመት በላይ በስደት ከኖረ በኋላ ነው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የተመለሰው። አቤ ቶኪቻው በጋዜጣ ላይ በሚጽፋት የሽሙጥ ዓምድ የተነሳ በ2004 ዓ.ም. ተሰደደ። "እያዩ ፈንገስ"ን በመድረክ ያያችሁ ታውቃላችሁ። በረከት በላይነህ የጻፈውን ግሩም ዘነበ ብቻውን ሲጫወተው እውነቱን የሚናገረው ማነው? እብድ! ጤነኛ ሰው ቢናገረው አያዋጣማ። ሳቅ የሚያውቁት እንዲህ ከሆኑ፣ ለጣቢያው የሚሻለው ሳቅ የማያውቅ ዝነኛ ነው። የሚያጣው ነገር አለው፤ ቤት፣ መኪና፣ የማስታወቂያ ውል። መቀስ ሳይይዙበት ራሱን በራሱ ይቆርጣል።

ስለዚህ ሳቁ ወዴት ይወርዳል? ወደ ታች ነዋ! ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከገጠር የመጣው ልጅ፣ አማርኛ የሚከብደው ነጋዴ። እነዚህ አይከሱም። ደብዳቤ አይጽፉም። ስልክ ደውለው "ያ ጭውውት ዳግም እንዳይተላለፍ" አይሉም። ለመሆኑ በኮሪደር ልማት ቤቱ የፈረሰበት ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲንከራተት የሚያሳይ ጭውውት በቴሌቪዥን ያየ አለ? ከጦር ኃይሎች ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ፊት ወንበር ለ"ሰው" የተያዘበት የተሳፋሪ ጭውውትስ? እኔ አላየሁም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌቪዥን ያለን ሰዎች ነን፤ አንድ ባለሥልጣን በራሱ ላይ በቀጥታ ሥርጭት ሲሳቅ ቁጭ ብሎ ያየበት ምሽት እኔ አላስታውስም።

ሳቅ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ደግሞ ኮልፌ በሳቅ ትሰምጣለች። ጠዋት አጠና ተራ ሂዱ። ጫኝና አውራጁ ባሕር ዛፉን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚለቀውን ተረብ ጸሐፊ ቢቀመጥበት ለዓመት ይበቃዋል። ወያላው ሃያ ሰው በአሥራ ሁለት ሰው ወንበር ሲጭን "ጠጋ ጠጋ፣ እስትንፋሳችሁን በየተራ!" ይላል። የጉልቷ እናት ሽንኩርት ተወደደ ሲሏቸው "ሳትልጪው አልቅሺ ብለውሽ ነው ልጄ" ብለው ይመልሳሉ። ተረበኛ የሌለው ሠፈር የለም። እነዚህ ሰዎች የሚስቁት ከጎናቸው ባለው ደሀ ላይ አይደለም። ከላያቸው ባለው ጭነት ላይ ነው።

ያን ምሽት ከእትዬ ቤት ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቁጭ ብዬ አንድ ጭውውት ጻፍኩ። አንድ የሌሊት ዘበኛ የሕንፃ በር ላይ ቆሟል። አንድ ዝነኛ ድምፃዊ መጥቶ "ክፈት" ይላል። "መታወቂያ?" ይላል ዘበኛው። "አታውቀኝም እንዴ?" "አውቅሃለሁ፤ መታወቂያህን ነው የማላውቀው።" ድምፃዊው ማንነቱን ለማስረዳት ይዘፍናል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ያሳያል፣ መኪናው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያሳያል። ዘበኛው ካፖርቱን ቆልፎ ቆሟል። እስከ ንጋት አይከፍትም። የድምፃዊውን ቦታ ራሱ ድምፃዊው ቢጫወተው ደስ ይለኛል፤ በራሱ ለመሳቅ ልብ ካለው ያምርበታል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የዘበኛውን ቦታ ለተዋናይ።

ለሁለት ቦታ አስገባሁት። አንደኛው እስካሁን "እናየዋለን" ነው። ሁለተኛው ጋ የገረመኝ ነገር አነበቡት! ጠርተው አነጋገሩኝ፣ ሻይም አዘዙልኝ። "ጎበዝ፣ ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ብቻ እናስተካክል" አሉኝ። "ዘበኛውን ድምፃዊው ይጫወተው።"

ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ጋሼ ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ በር ላይ ካገኙኝ እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "እህሳ ልጄ፣ ግማሹን ከፈለ?"